ጠመንጃው የት ይደር?

በደራዋ ሐሙሲት ከተማ ስለ መሣሪያ ወሬ ከተነሣ ቶሎ አያባራም። የቻይናው ይሻላል ወይስ የሩሲያው፣ ታጣፊው ወይስ ባለ እንጨት ሰደፉ፣ የድሮው ቤልጅግ ዛሬም የሚስተካከለው አለ ወይ፣ የትኛው ጥይት ይከሽፋል፤ በእነዚህ ላይ አስተያየት የሌለው አባወራ ጥቂት ነው። ያው ሰው ‹‹ለመሆኑ ማታ የት ያሳድሩታል?›› ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይቆማል። ጥያቄው የጓዳ ምሥጢር የተነካ ያህል ይከብዳል።

ምክንያቱ አይጠፋንም። በአገራችን ጠመንጃ የሚወደደው ትከሻ ላይ ሲሆን ነው። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በፉከራ የሚታየው የተነገተው ነው። ግን ማንም ባለቤት ቀንም ሌትም እንደተነገተ አይኖርም፤ መሣሪያው የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ማንም ሳያየው ነው፤ ግድግዳ ላይ፣ ከመደብ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ እህል ውስጥ፣ አንዳንዴም አፈር ውስጥ። የሚዝገውም፣ የሚሰረቀውም፣ ልጅ እጅ የሚገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በደራና በፎገራ ሜዳ የመሣሪያ አስተማማኝነትና የመሣሪያ አቀማመጥ አንድ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያበላሸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ባለቤቱ መሣሪያውን እንዲደብቅ የሚያስገድደው ፍርሃት ነው።

ደራና ፎገራ ያሉበት ደቡብ ጎንደር ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። ከወረታ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ደብረ ታቦር ይደረሳል። ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ዋልድማየር ያሉትን የውጭ ሚስዮናውያን አስፍረው መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለትና በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው በየዘመኑ እየተደራረበ መጣ። ውጅግራውና ምንሽሩ በዐድዋ ዘመን፣ ቤልጅጉ ከማይጨው በፊት፣ ጄኔራል ናሲ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ደግሞ የጣሊያኑ፣ በንጉሡ ዘመን የአሜሪካው ኤም ዋን። በመጨረሻ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በሶቭየት እርዳታ የጎረፈው ክላሽ፣ የደርግ ሠራዊት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲበተን ከካምፕ ወጥቶ በየመንደሩ ተዘራ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለጀግንነት ዜማ አይደለም። በየዘመኑ የመጣው ጠመንጃ የራሱን የአያያዝ ሙያ ይዞ ስለመጣና ያ ሙያ ግን እንደ ጠመንጃው ከአባት ለልጅ ስላልተላለፈ ነው። ውጅግራ የሚተኩሰው ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲነድ አፈሙዙ ውስጥ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቅባት ካልተቀባ ብረቱ ወዲያው ይበላል። ስለዚህ ያን ጠመንጃ ደህና አድርጎ ለመያዝ ውኃ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ብዙ የክላሽ ባለቤት ‹‹ብረትና ውኃ አይስማሙም›› ብሎ ከተኩስ በኋላ ዘይት ብቻ ይቀባል። ትክክል ይመስላል፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። በአሮጌ የሶቭየት ዘመን ጥይቶች ቂጥ ያለችው መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለባት። ሲቃጠል የሚቀረው ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ነው። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ የሚሟሟው በውኃ ነው። በዘይት የተሸፈነ ጨው ከሥር ሆኖ ብረቱን ይበላል፤ ባለቤቱም ‹‹ቀብቼው ነበር እኮ›› ይላል። ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ፍጹም ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ የመሣሪያ ዘይት። የውጅግራ ዘመን አዛውንት ይህን ያውቁ ነበር።

ስለ ክላሽ የሚነገረው ትልቁ ነገር አይከሽፍም የሚለው ነው። መነሻው እውነት ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. የተነደፈውና ከ2 ዓመት በኋላ የሶቭየት ሠራዊት የታጠቀው ይህ መሣሪያ በብረቶቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለው አቧራና ጥላሸት እንደ ሌሎቹ ቶሎ አያንቁትም። የአፈሙዙ ውስጥና የጋዝ ፒስተኑ በክሮም የተለበጡ ናቸው። ነገር ግን ክሮሙ እዚያው ላይ ያበቃል። ስፕሪንጎቹ፣ የቃታው ብረቶች፣ የጥይት ካዝናው ውስጠኛ ክፍል ተራ ብረት ናቸው። ከእኛ አካባቢ ጉዳይ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የፎገራ ሜዳ ውኃ የሚያድርበት ምድር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉማራና ርብ ከአፋቸው ወጥተው ወደ ጣና በሚወርዱበት ጊዜ ሜዳው ይሞላል፤ ሩዝም እዚህ የለመደው በዚሁ ምክንያት ነው። በክረምት የጭቃ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ የቆርቆሮ ጣራ ሌሊት ሲበርድ ከውስጥ ላብ ያንጠባጥባል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጠመንጃ ከውጭ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ካዝናውን ነቅለው ውስጡን ሲያዩት ግን ቡናማ ዱቄት ይገኛል። ስፕሪንጉ ዝጎ ጥይቱን በወጉ ካልገፋው የሚመጣውን ሁሉም ባለቤት ያውቀዋል። በዚያን ጊዜ ‹‹ይህ የቻይና ነው፣ ለዚህ ነው›› ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከመጣበት አገር ሳይሆን ካደረበት ቦታ ነው።

አራት ዓይነት መኝታ በሰፊው ይነገራል። ግድግዳውን አንሥተናል። ሁለተኛው ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ነው። ጢሱ ያደርቃል ተብሎ ይታመናል፤ እንጨቱን እርግጥ ነው ያደርቀዋል፣ ጥላሸቱ ግን ብረቱ ላይ ተቀምጦ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይጠጣል። ሦስተኛው እህል ውስጥ ነው፤ ጎታ ውስጥ ወይም በሩዝ ጆንያ መካከል። ሩዝ ውኃ ይመጥጣል የሚለው አባባል እዚህ ሰውን ያሳስታል። በደንብ የደረቀ የሩዝ እህል እንኳ ከክብደቱ ከ13 እስከ 14 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፤ በእርጥብ አየር ደግሞ ይጨምራል። ብናኙም ዘይት የነካ ብረት ላይ ይለጠፋል። ይህን መኝታ የሚመርጥ ሰው ለመሣሪያው ብሎ አይመርጠውም፤ ከፍተሻ ለመሸሸግ ነው።

አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ መቅበር። ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀበረ ጠመንጃ፣ ላስቲኩ ውስጥ አብሮ የታሸገው አየር ለመዛግ ይበቃዋል፤ እርጥበቱ ወደ ውጭ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይሠራል። አፈሩ ሲያብጥና ሲሰነጠቅ ላስቲኩም አይተርፍም። ብዙ ሺህ ብር የወጣበት፣ በሬ ተሸጦ የተገዛ መሣሪያ ከሁለት ክረምት በኋላ ሲወጣ ያለው ሁኔታ ለባለቤቱ መርዶ ነው። የበለጠ የሚያስፈራው ግን ያን መሣሪያ አጽድቶ ለመተኮስ የሚሞክረው ሰው ነው። አፈሙዙ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ወይም የተጋገረ ዝገት ካለ ጥይቱ ሲያልፍ ግፊቱ መውጫ ያጣና ብረቱ ይቀደዳል፤ ዓይንና እጅ ይዞ ይሄዳል። በጭቃ አገር የወደቀ ጠመንጃን መጀመሪያ ባዶ አድርጎ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ ከኋላ ሳያዩ መተኮስ ፈጽሞ አይገባም።

ስለ ቅባት አንድ ነገር ልጨምር፤ የምግብ ዘይት በብዙ ቤት ይሠራበታልና። ኑግ ምግብ ላይ ጥሩ ነው። ብረት ላይ ግን አየር ሲያገኘው እየወፈረ፣ እየተጣበቀ፣ በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። የመርፌው መሄጃ በዚህ ከተጣበቀ መለኮሻዋን በደከመ ኃይል ይመታታል፤ ጥይቱም ይከሽፋል፤ ጥይት ሻጩም ያለ ጥፋቱ ይረገማል። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይትም አይሆንም፤ ውስጡ አሲድና የብረት ብናኝ አለ። ያልሠራ የሞተር ዘይት ስስ ሆኖ ከተቀባ ከሁለቱም ይሻላል።

የከሸፈ ጥይት ራሱ መጥፎ ልማድ አስተምሮናል። ቃታ ተስቦ ዝም ሲል ብዙ ሰው ወዲያው ያቀባብላል፣ ወይም አፈሙዙን ወደ ራሱ አዙሮ ያያል። እርጥበት የነካው ባሩድ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ግማሽ ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ማውጣት፤ ይህን ለልጅ ማስተማር ከፉከራው ይቀድማል።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። በገጠር ቤት ጠመንጃ ብዙ ጊዜ እንደጎረሰ ያድራል። ባለቤቱን ብንጠይቀው መልስ አለው፦ ከብት ሊነዳ የመጣ ሌባ እስካቀባብል አይጠብቀኝም። ይህ ከንቱ ሰበብ አይደለም። ፖሊስ በእግር ሰዓታት በሚርቅበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ግን ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። ሌባ የሚመጣው በዓመት አንድ ሌሊት ይሆናል፤ ልጆቹ ግን በየቀኑ እዚያው ናቸው። የጭቃ ግድግዳ የክላሽ ጥይት አያቆምም፤ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ የሚፈተለክ እርሳስ የአንዱን ቤት ጥሶ ከጎረቤት አልጋ ይደርሳል።

አደጋው የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ‹‹ባዶ ነው›› በተባለ መሣሪያ ነው። ምሥጢሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ አቀባብሎ፣ የወጣችውን ጥይት አይቶ፣ ከዚያ ካዝናውን የሚነቅል ሰው ሳያውቀው ሌላ ጥይት አጉርሷል። ካዝናው እጁ ላይ ነውና ጠመንጃው ባዶ ይመስለዋል። መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ቀጥሎ ማቀባበል፣ ከዚያ ውስጡን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ነው። ይህ የአንድ ደቂቃ ትምህርት በየሚሊሻው ስብሰባ፣ በየዕድሩ፣ በየሰንበቴው ቢነገር የስንቱን ቤት ለቅሶ ያስቀር ነበር! ሕጉ እንኳ ለዚህ ለቅሶ ቦታ አለው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ያስጠይቃል። አባት የልጁን ሞት ተከሶ ሲቆም ማየት ግን ለማንም ፍትሕ ሆኖ አይታየውም።

ሁለተኛው የቤት አደጋ ንዴት ነው። የድንበር ክርክር፣ የመስኖ ውኃ ተራ፣ አረቄ ላይ የተሰነዘረ ቃል። ጠመንጃው ከእጅ በሚደርስበት ቦታ ጎርሶ ከተሰቀለ በቁጣውና በተኩሱ መካከል የሚቀረው ሦስት እርምጃ ነው። ጥይቱ በሌላ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ቁልፉም ሚስትየው ዘንድ ከሆነ፣ መካከሉ ይሰፋል፤ ያኔ እናት ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይገባል፣ ሰውየውም ይበርዳል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ካህን መስቀል ይዞ፣ ጉማ ተቆርጦ ደም ለማድረቅ ወራትና ዓመታት ይፈጃል። ያን ሁሉ ድካም ከመነሻው የሚያስቀረው አንድ ጓጉንቸር ሊሆን ይችላል ስል አጋነንኩ አልልም።

ታዲያ ለምን አይቆለፍም? ድህነት አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን አይመስለኝም። ወረታም ሐሙሲትም ብየዳ ቤት አላቸው፤ በርና መስኮት የሚበይድ እጅ ጠመንጃ የሚያስገባ የብረት ሳጥን በይዶ ከግድግዳ ምሰሶ ጋር በቡሎን ማሰር አይሳነውም። ለመሣሪያው ያን ያህል ብር ያወጣ ሰው ለሳጥኑ ጥቂቱን አያጣም። ችግሩ ሳጥኑ ራሱ የሚናገር መሆኑ ነው። የተቆለፈ ረጅም የብረት ሳጥን ያለበት ቤት ‹‹እዚህ መሣሪያ አለ›› ይላል፤ ለሌባም፣ ለፈታሽም፣ ለጠላትም።

ይህ ፍርሃት ከየት መጣ? በከተማ በኩል ደርግ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያካሄደው የቤት ለቤት የመሣሪያ አሰሳ ዛሬም በአረጋውያን ዘንድ ይታወሳል። በቅርቡ ደግሞ ነገሩ በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገለባበጠ። በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ፤ ተቆጣጣሪው የፌዴራል ፖሊስ ሆነ፤ ፈቃድና ምዝገባ ሕጋዊ መሠረት አገኙ። ዓመት ተኩል ሳይሞላ የትግራዩ ጦርነት ወደ አማራ ክልል ሲገባና ጋይንት ነፋስ መውጫ ድረስ ሲዘልቅ፣ የክልሉ መንግሥት የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ አደረገ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ዕለት የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ተነገረው። መጋቢት 2015 ዓ.ም. ላይ የክልል ልዩ ኃይሎች መልሰው እንዲደራጁ ተወሰነ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያው ገበሬ፣ በዚያው ጠመንጃ፣ አንድ ጊዜ ‹‹ይዘህ ና›› ሌላ ጊዜ ‹‹አምጣና አስረክብ›› ሲባል፣ መዝገብ ላይ መስፈርን እንደ ወጥመድ ቢያየው አልፈርድበትም።

ነገር ግን መዘዙን ማየት አለብን። የተደበቀ መሣሪያ አይቆለፍም፤ ይሸፈናል እንጂ። ቢሰረቅ ለፖሊስ አይነገርም፤ ስለማይነገር ሌባው ይደፍራል። ቢዝግ ለባለሙያ አይታይም። ልጆች መደበቂያውን ከአባታቸው ቀድመው ያገኙታል፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቁጥጥሩ ቢጠብቅም ባለቤቱ ከመዝገብ ከሸሸ፣ ቁጥጥሩ የሚያተርፈው ከአደጋው ጥቂቱን ነው።

ከሌላ አገር ሁለት ነገር እንይ። ስዊዘርላንድ ወታደሮቿ ጠመንጃቸውን ቤታቸው የሚያሳድሩባት አገር ናት። በ2007 እ.ኤ.አ. የወሰነችው ግን ጥይቱ ከቤት ወጥቶ በመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲቀመጥ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጠመንጃውም ይውጣ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ 56 በመቶ ያህሉ እምቢ አለ። ሕዝቡ ጠመንጃውን ጠበቀ፣ ጥይቱን ግን ለቀቀ። አሜሪካ ደግሞ የመሣሪያ ብዛቷ ከሕዝቧ የሚበልጥ አገር ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. እዚያ የታተመ የሕክምና ጥናት ልጆች ባሉባቸው ቤቶች አራት ልማዶችን መርምሮ ነበር፦ መሣሪያውን መቆለፍ፣ ጥይቱን ከውስጡ ማውጣት፣ ጥይቱን መቆለፍ፣ ሁለቱን ለየብቻ ማስቀመጥ። አራቱም እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የጥይት ጉዳት መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ራስን መግደልም በዚህ ውስጥ ተቆጥሯል፤ በእኛ ዘንድ ስለማይነገር ብቻ የሌለ የሚመስለን ጉዳይ። ከሁለቱ አገሮች ጋር ባንመሳሰልም ጥይትን ከጠመንጃ መለየት ሀብት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ለእኛ ሜዳ የሚሆነውን ሳስብ መጀመሪያ የምጠይቀው ከመንግሥት ነው። ያስመዘገበ ሰው ባስመዘገበው ምክንያት እንደማይነጠቅ፣ ቢወሰድም በምን ሕግና በምን ደረሰኝ እንደሆነ በግልጽ ተነግሮ በተግባር መታየት አለበት። ይህ ካልሆነ የብረት ሳጥን ምክር ባዶ ነው። እምነቱ ካለ ቀሪው ቀላል ነው። ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭ ግድግዳ ርቆ ይታሰር። ውስጡ የኖራ ከረጢት ወይም ከጫማ ካርቶን የሚወጣው የእርጥበት መምጠጫ ይቀመጥ፤ ያም በየጊዜው ይቀየር። ጨርቅ መጠቅለል ይቅር፤ ጨርቅ እርጥበት ይይዛል። ክረምት በወር አንድ ጊዜ ተፈትቶ ይታይ። ሳጥን ያልቻለ በቃታው ቀለበት ሰንሰለት አሳልፎ ከምሰሶ ጋር ይቆልፍ፤ ጥይቱን ሌላ ቤት ያድርግ። የሌሊት ሌባን የሚፈራም ቢሆን ካዝናውን ነቅሎ ትራሱ አጠገብ ቢያሳድርና ጠመንጃውን ባዶ ቢያደርግ፣ ለመመለስ የሚፈጅበት ከዐሥር ሰከንድ አይበልጥም። በደስታ ቀን ወደ ሰማይ ስለሚተኮሰው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ሰው ላይ ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ በዚህ ሜዳ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ ጎርፉ ሲበረታ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ከዚያም ወዲህ ሜዳው በየክረምቱ ይሞላል። ውኃ የገባበት ቤት ባለቤት መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ ከዚያ ጠመንጃውን ያወጣል። ተፈናቃይ የሚያርፈው በትምህርት ቤትና በከፍተኛ ቦታ ባለ ደብር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ክፍል፣ ልጆች በየመካከሉ፣ የረጠበ መሣሪያ በየጥጉ። ወረዳዎቹ ለጎርፍ ወራት እህል፣ ብርድ ልብስና ጀልባ ሲያሰናዱ፣ በየመጠለያው ሁለት ቁልፍ ያለው አንድ የብረት ሳጥን አብረው ያሰናዱ። አንዱን ቁልፍ ቀበሌው፣ ሁለተኛውን ተፈናቃዮቹ ራሳቸው የመረጡት ሽማግሌ ይያዝ። የገባው ሁሉ በስም ተጽፎ፣ ውኃው ሲጎድል ለባለቤቱ ተቆጥሮ ይመለስ። በዚህ ክረምት በአንድ ትምህርት ቤት ቢጀመር፣ ባለቤቱ ጠመንጃውን አስረክቦ መልሶ መቀበል የሚቻል መሆኑን በዓይኑ ያያል፤ ምዝገባውንም ማሳመን የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።